ከጥቁሩ መስታወት ጀርባ ያለው ባላባት

እኔ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሰው «ቆይ፣ አለቃዬን ላናግርልሽ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ጫማ ልመልስ ሄጄም ይሁን ሲም ካርድ ላስቀይር፣ በቃ ጆሮዬ ድረስ እግላለሁ። ጓደኞቼ «ሳላ ደሞ፣ ምን ነካሽ?» ይሉኛል። ምን እንደነካኝ ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ እፈነዳለሁ።

አሁን አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ያኔ ስምንት ነበርኩ። ሎጋን ነው የምንኖረው፣ ከብሪስቤን ወረድ ብሎ፤ ግማሹ ሰፈር ሳሞአ፣ ግማሹ ቶንጋ፣ የቀረው ከየትም ተጠራቅሞ የመጣ። ቤት ውስጥ ሰባት ነን። መኪናችን ግን የምትይዘው አምስት ሰው ነው፣ እሷም አንዱ በሯ በገመድ የታሰረ። ስለዚህ እሁድ እሁድ አባዬ ቤተክርስቲያን በሁለት ዙር ነበር የሚያደርሰን፣ እኔ ደሞ ሁሌ ሁለተኛ ዙር ነኝ። ሁለተኛ ዙር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? መዝሙሩ ግማሽ ደርሶ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እያየሽ፣ ነጭ ቀሚስሽ ተጨማድዶ መግባት ነው። እና አባዬ «ስምንት ሰው የምትይዝ አዲስ ቫን እንገዛለን» ሲል ላብድ ነበር። አዲስ። ከኛ በፊት ማንም ያልተቀመጠባት፣ ማንም ድንች ጥብስ ያልደፋባት።

አባዬ ሴኡፑሌ ይባላል። በሥራ ቀን ዶሮ ፋብሪካ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ቱላፋሌ ነው፣ የባላባት አፍ ማለት ነው። እኛ ሳሞአዎች ጋ ትልቅ ባላባት ራሱ አፉን ከፍቶ አይከራከርም። እሱ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ ቱላፋሌው ዘንጉን ይዞ ቆሞ ይናገርለታል። ሰውም ባላባቱን ቀጥ ብሎ ሄዶ አያናግርም፣ ነውር ነው። ጉዳዩን ለቱላፋሌው ይነግራል፣ እሱ ይወስዳል፣ መልሱን እሱ ያመጣል። አባዬ በዚህ ሥራ የሚስተካከለው የለም። ሠርግ ላይ ሲናገር አሮጊቶች ጉንጫቸውን ይጠርጋሉ።

እንግዲህ መኪና ሊገዛ የሄደው ይሄ ሰውዬ ነው።

መሸጫው ትልቁ መንገድ ዳር ነበር፣ በር ላይ ባንዲራ ምናምን የሚውለበለብበት። ስገባ ብርዱ ራሱ ገረመኝ፣ ውጭ አስፋልቱ እየቀለጠ ውስጥ ልክ እንደ ፍሪጅ። አዲስ ጎማ ይሸታል። ወለሉ ከማብራቱ የተነሳ ቁልቁል የራሴን አፍንጫ አየሁት። ከዛ ግሌን መጣ። ሻጩ ነው። ፀሐይ ያቃጠለው ቀይ አንገት፣ ሹል ጫማ፣ ለኔ ደሞ ከኪሱ ከረሜላ። ወዲያው ወደድኩት። ስምንት ዓመቴ ነው አልኳችሁ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ በአዲስ መኪና ነው ቤትህ የምትገባው» አለው አባዬን፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ።

«እግዜር ያክብርልን። እርስዎን ማግኘታችን ዕድል ነው» አለ አባዬ፣ ጎንበስ ብሎ።

ሰማያዊዋን መረጥን። እማዬ፣ ፉአቲኖ፣ ወንበሩን ዳሰሰች፣ የኋላውን በር ከፍታ ዘጋች፣ ደግማ ከፍታ ዘጋች፣ ድምፁ ጣፈጣት መሰለኝ። አባዬ ያለንን ገንዘብ ተናገረ። ግሌን ጥርሱን ገጥሞ አየር ሳበ።

«የኔ ቢሆን በነፃ እሰጥህ ነበር። ግን ቆይ፣ አለቃዬን ላናግርልህ።»

ጥግ ላይ ጥቁር መስታወት ያለው በር ነበር። እዛ ገባ። ሲወጣ ክራባቱ ላላ ብሏል፣ ፀጉሩ ተንጨባሯል፣ ግንባሩን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። «ዛሬስ ሊገድለኝ ነው» አለ። «ግን ታገልኩልህ። ትንሽ ብቻ ጨምርና ተመልሼ ልግባ።» አባዬ ትንሽ ጨመረ። ግሌን ገባ፣ ወጣ። ደግሞ ገባ፣ ወጣ። እኔ እዛ ውስጥ የሚመቱት መስሎኝ አንጀቴን በላው። ከረሜላውን እየመጠጥኩ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ግሌንን ጠብቀው» እል ነበር። እውነቴን ነው፣ ጸለይኩለት።

አባዬ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብሎ «አየሽ ሳላ፣ ይሄ ሰውዬ የኔን ሥራ ነው የሚሠራው» አለኝ። እንዲህ ሲል ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ እስከ አሁን አልረሳሁትም። እዚህ አገር በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር የገባው፣ ወግ ያለው ቦታ የገባ የመሰለው፣ ያን ቀን ነበር።

ምሳ ሰዓት አለፈ። እማዬ «በቃ እንሂድና እናስብበት» አለች። የአሮጌዋን መኪና ቁልፍ ግን ግሌን «ሠራተኞቻችን ዋጋዋን ይገምቷት» ብሎ ወስዶታል፣ እነሱ ደሞ የት እንዳስቀመጡት ጠፍቷቸዋል። እኔ ምን አደረግሁ? በጉልበቴ እየዳህኩ ወንበር ስር ሁሉ ፈለግሁ። የታኘከ ማስቲካ አገኘሁ፣ የጆሮ ጌጥ አገኘሁ፣ ቁልፍ የለም። ግሌን «ጎበዝ ልጅ፣ በደንብ ፈልጊ» ብሎ ሌላ ከረሜላ ሰጠኝ። ቁልፉ እኮ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሰው እንዳይሄድባቸው የሚያደርጉት የታወቀ ዘዴ ነው፣ አሁን ሕፃን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያን ሹል ጫማውን እየዳህኩ አልፌው እንደሄድኩ ይታየኛል፣ ብነክሰው ኖሮ እላለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባዬ ፈረመ፣ ቀብድ ከፈለ። ከዛ ቁልፉ ተገኘ።

መንገድ ላይ እማዬ «እዛ ቤት ውስጥ ያለው ማን ነው?» አለች።

«ባላባታቸው ነዋ።»

«አይተኸዋል?»

«ፉአቲኖ፣ ባላባት እንዲሁ ዝም ብሎ ይታያል እንዴ?»

«እኔ ሥራ ቦታ አለቃዬን በቀን አስሬ ነው የማያት፣ ሽንት ቤት ስትገባ ሁሉ አያታለሁ» አለች እማዬ። የአረጋውያን ማቆያ ነው የምትሠራው። አባዬ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ከዛ ጥበቃ። መጀመሪያ መርከቡ አልደረሰም። ከዛ መርከቡ ደረሰ፣ ሰማያዊ የለም። ከዛ ሰማያዊ ተገኘ፣ ግን የቀለም መከላከያ የሚባል ነገር ካልገዛችሁ አለቃው አይለቃትም። እሱን ሲጨምር ደሞ የወለል ላስቲክ መጣ። በየጊዜው ከሥራ አስፈቅዶ እንዲመጣ አባዬን ይጠሩታል፣ ግሌን ጥቁሩ መስታወት ውስጥ ይገባል፣ ግንባሩን እየጠረገ ይወጣል። እኔ እሁድ እሁድ አሁንም ሁለተኛ ዙር ነኝ። ለቤተክርስቲያን ልጆች ሁሉ «ቫናችን እየመጣች ነው» ብዬ ስላወራሁ ማላገጫ ሆኛለሁ። «ሳላ፣ ቫንሽ በዋና ነው እንዴ የምትመጣው?» ይሉኛል።

አንድ ቀን አባዬ ከዶሮ ፋብሪካ መጥቶ፣ ገና ሳይታጠብ፣ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመ።

«ጥፋቱ የኛ ነው» አለ። «ያ ግሌን ሁሌ ወደ ባላባቱ ባዶ እጁን ነው የሚገባው። ለምን? እኛ ባዶ እጃችንን ስለሄድን። ምን ብሎ ይናገርልን? አሳፈርነው።»

እማዬ የምትከትፈውን ሽንኩርት አስቀመጠች። ምን ሊል እንደሆነ ገብቷታል። እኔም ገባኝ።

ሰሌኗን ነው የፈለገው። ሰሌን ስላችሁ ታዲያ መሬት ላይ የሚነጠፈው እንዳይመስላችሁ። የኛ ጥሩ ሰሌን እንደ ሐር ነው የሚለሰልሰው፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ላባ አለው፣ በእጅ ሲሠራ ዓመታት ይፈጃል። አይነጠፍም። ይሰጣል፣ ይለበሳል፣ ባላባት ሲሾምና ሰው ሲቀበር ነው የሚወጣው። ያቺን ሰሌን አያቴ ሳቫዪ ደሴት ላይ ተቀምጣ ዓይኗ እስኪደክም የሠራቻት ናት። ለእማዬ የሰጠቻት ወደዚህ ስትመጣ ነው። «ስሞት ይዘሽልኝ ነይ፣ እሷን ነው የምለብሰው» ብላታለች። እማዬ ከፍራሿ ስር ዘርግታ ነበር የምታስቀምጣት። «በላይዋ ነው የምንተኛው» ብላ ለቀልድ እንኳ ተናግራ አታውቅም።

«እናቴን የምቀብርበትን?» አለች።

«ባላባት ስጦታ ተቀብሎ ባዶ እጅ አይሸኝም። ከሰጠነው በላይ ነው የሚመልሰው። ካልመለሰ እሱ ነው የሚዋረደው።»

«የኛ ባላባት እንደዛ ነው። የነሱን በምን አወቅኸው?»

«ሰው አይደለም እንዴ?» አለ አባዬ።

እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዛ «ተቀብሎ ካልመለሰ እኔ ነኝ የማናግርህ» አለችና ፍራሹን ልታነሳ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ያየሁትን አባዬን በሕይወቴ አልረሳውም። ራቁት ደረቱን በዘይት አስውቦ፣ ወገቡ ላይ ጨርቁን ታጥቆ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ጭራውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መኪና መሸጫው ውስጥ ገባ። እማዬ ከኋላው፣ ሰሌኗን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ዘርግታ፣ በቀስታ። እኔ ከእማዬ ኋላ። አዲሶቹ መኪኖች መሀል ቆመና ጀመረ። በሳሞአኛ፣ ሙሉውን፣ ምንም ሳያሳጥር። የባላባቱን ስም ስለማያውቅ «በጥቁሩ መስታወት ጀርባ የተቀመጡ» እያለ ነው የጠራው። የአገራቸውን ወንዝ አወደሰ፣ ተራራቸውን አወደሰ፣ ልጆቻቸውን መረቀ። ድምፁ ጣሪያውን እየመታ ሲመለስ ፀጉሬ ቆመ። ሻጮቹ ሁሉ ከወንበራቸው ተነሱ። ስልካቸውን አወጡ። ሲጨርስ አጨበጨቡ፣ አንዱ እንደውም አፏጨ። እኔ አባቴን አከበሩት ብዬ በደስታ ልፈነዳ።

ቪዲዮውን አስራ አራት ዓመቴ ላይ አገኘሁት። ከበስተኋላው ሳቅ አለ። አንዲት ሴትዮ «ፊቱን ቅርብ አድርገው» ትላለች። ከዚህ በላይ ስለሱ አልናገርም።

ግሌን «ይሄ ሁሉ ለኔ ነው?» አለ።

«ለእርስዎ አይደለም። ለባላባትዎ ነው። ያድርሱልን።»

ግሌን ዘወር ብሎ ጓደኞቹን አያቸው። ከዛ ሰሌኗን ተቀበለ፣ እንደ ፎጣ ብብቱ ስር ወሸቃት፣ ገባ። ቆየት ብሎ ወጣ። ዓይኑን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«አለቀሰ» አለ። «አለቃዬ ነው የምልህ፣ አለቀሰ።»

እኛም አለቀስን። ቤታችን ሄደን ለማናውቀው ሰውዬ ተንበርክከን ጸለይን፣ ሰባታችንም። እኔ ነበርኩ ጸሎቱን የመራሁት።

ቫኗን የምንወስድበት ቀን ተነገረን። ነጭ ለበስን፣ እማዬ ፀጉሯ ላይ አበባ ሰካች። ገና ከበሩ ስንገባ መሀል ላይ አንዲት ትልቅ ቀይ መኪና ቆማለች፣ ዙሪያዋን የላስቲክ ዘንባባ፣ አሸዋ፣ የባሕር ዛጎል። ከላዩ «የደሴት ሳምንት ቅናሽ» የሚል ተሰቅሏል። ከጎማዋ ስር የአያቴ ሰሌን ተነጥፋለች።

እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? አባዬን በእጁ ጎተት አድርጌ «አባዬ አየኸው? ሰው ሁሉ እንዲያይለት መሀል ላይ አደረገው» አልኩት። ደስ ብሎኝ።  እጁ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ግሌን እየሮጠ መጣ። «ወንድሜ፣ መጥፎ ዜና አለኝ። ሰማያዊዋን ትናንት በስህተት ለሌላ ሰው ሸጠዋታል። ግን ነጭ አለች፣ ትንሽ ብቻ…»

«መኪናዋን አንሱ» አለች እማዬ።

«የቷን?»

«ያቺን። ከእናቴ ላይ አንሱ።»

ግሌን ሳቅ አለ፣ ያ ትከሻ መታ መታ የሚያደርግ ሳቁን። «የኔ እህት፣ እሱን እኔ ብቻዬን አልወስንም። ቆይ፣ አለቃዬን ላናግርልሽ።»

ወደ ጥቁሩ መስታወት ሄደ። እማዬ ተከተለችው። አባዬ «ፉአቲኖ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ባላባት ዘንድ እንደዛ አይገባም። እኔ ሰማይ የሚደፋብን መስሎኝ ከኋላዋ ሮጥኩ። ግሌን በሩን ሊዘጋው ሲል እማዬ እግሯን አስገባች፣ ከዛ በክርኗ ገፋችው።

ማይክሮዌቭ። ውስጡ የስጋ ፓይ ይዞራል። የወለል መወልወያ ባልዲው ውስጥ ቆሟል። የወረቀት ካርቶን ተቆልሏል። አንድ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ የግሌን ኮት። ሌላ በር የለም፣ መስኮት የለም፣ ሰው የለም።

«ንገረው እንግዲህ» አለች እማዬ ወንበሩን እያሳየችው።

«አለቃዬ ዛሬ አልገባም፣ እሱ…»

«ንገረው። ሁልጊዜ ትነግረው የለም? ሰሌኔን ስሰጥህ ነግረኸው አልቅሷል። አሁንም ንገረው፣ እኔ ቆሜ እሰማለሁ። እኛ ስንት ቀን ቆመናል።»

የግሌን የአንገቱ ቅላት ወደ ጆሮው ወጣ። ማይክሮዌቩ ጮኸና ቆመ። እማዬ ከበሩ ላይ አልነቃነቅ አለች። እሷ ትልቅ ሴት ናት፣ ሽማግሌዎችን ከአልጋ የምታነሳ ሴት ናት፣ በሩን እንዳለ ሞልታዋለች። ውጭ ደንበኞች መሰብሰብ ጀመሩ። መጨረሻ ላይ ግሌን ወንበሩን ሳይሆን ጫማውን እያየ «ሰሌኑን ይፈልጋሉ» አለ። ለማን እንዳለው እንጃ።

«ምን አለህ?» አለች።

«ውሰጂው።»

ቀይዋን መኪና አንዱ ሻጭ መጥቶ ወደ ኋላ ነዳት። ሰሌኗን አባዬ ራሱ አነሳት። ጉልበቱ አሸዋ ላይ ሆኖ፣ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ። መሀሏ ላይ ጥቁር የጎማ አሻራ፣ ጥርስ ጥርሱ ሳይቀር፣ ታትሟል። ላባዎቹ ተሰባብረዋል። ቀብዳችንም ቀረ። ቫንም አልገዛንም። በኋላ ከአንድ የቶንጋ ሰውዬ አሮጌ ገዛን፣ የተደፋው ድንች ጥብስ እንኳ ወንበሩ ስር ነበር።

እኔ ግን፣ ተመልከቱ እንግዲህ ሕፃንነትን፣ ባላባቱ እማዬን ፈርቶ የሸሸ ነበር የመሰለኝ። ከእናቴ ፊት ያመለጠ ባላባት። በዛ እንደኮራሁ፣ ለልጆቹ ሁሉ እያወራሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ኖርኩ። አባዬ ሳወራው አይከለክለኝም ነበር። ተነስቶ ይወጣል እንጂ።

አያቴ ስትሞት ሳቫዪ ሄድን። ትልቁ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ በሌለው፣ ባላባቶቹ በየምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። የመጣው ሰሌን ሁሉ እየተዘረጋ ማን እንደሠራው፣ በማን እጅ እንዳለፈ ጮክ ተብሎ ይነገራል። የኛ ተራ ሲደርስ የሚናገረው አባዬ ነው። እማዬ አሻራው ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጋ አጥፋ ነበር ያመጣቻት። አባዬ ከእጇ ተቀብሎ ዘረጋት። ሙሉውን። ያ ጥቁር የጎማ ጥርስ በቀን ብርሃን ሲታይ ባላባቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይቺን የሠራቻት እዚህ የተኛችው ናት» አለ። «እኔ ወስጄ ለባዶ ወንበር ሰጠኋት። ያስመለሰቻት ልጇ ናት።»

 ከዛ ጥርስ የሌለው አንድ ሽማግሌ ባላባት፣ ቱላፋሌው ሳይሆን ራሱ ባላባቱ፣ ከምሰሶው ሥር ጠየቀ፦

«ወንበሩ ምን አለህ?»

«ትንሽ ጨምር አለኝ» አለ አባዬ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አክስቶቼ እያለቀሱ ሳቁ፣ እማዬ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች። እኔ ብቻ ተቀምጬ ቀረሁ። ባዶ ወንበር። ማንም አልሸሸም። የጸለይኩለት ሰውዬ አልነበረም፣ ያለቀሰው ሰውዬ አልነበረም፣ አባቴ ደረቱን ዘይት ቀብቶ ያን ሁሉ ወንዝና ተራራ የደረደረው ለኮትና ለመወልወያ ነበር። አስር ዓመቴ ነበር፣ የተቀመጥኩበትን ምንጣፍ ጨበጥኩ።

አጎቶቼ ሰሌኗን አያቴ ላይ አለበሷት። አሻራው እግሯ ላይ አረፈ። እማዬ በሌላ ሰሌን ልትሸፍነው እጇን ስትዘረጋ አባዬ ያዛት።

«ተይው» አለ። «ይታይ።»